ከሳሪስ አቦ ወደ ሕንድ ለምትሄዱ፦ ሻንጣ፣ ወጥ ቤት፣ ጾምና ዮጋ

ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ ሕንድ ለሚሄድ ሰው ዘመድና ጎረቤት የሚያሸክመው ጓዝ ያው የታወቀው ነው፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ምስር፣ አብሽ፣ ድርቆሽ፣ ቡና። በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ አንዲት እናት "ለመንገድህ" ብለው የሚያስታቅፉት ዳቦ አይቀርም። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ፣ ለሥራ፣ ወይም ለሕክምና ከሰው ጋር የምትሄዱ ብትሆኑ ይህ መመሪያ ሁለት ነገር ሊነግራችሁ ነው የተጻፈው። አንደኛው፣ ከምትሸከሙት ጓዝ ግማሹ እዚያው ሰፈር ሱቅ በሌላ ስም ይሸጣልና ኪሎውን ለማይገኘው አውሉት። ሁለተኛው፣ "ሕንድ ሥጋ አይበላም፤ ጾም ቀላል ነው" የሚለውን ወሬ ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ጾመኛን የሚያስቸግረው ወተት ነው።

ስለ ዮጋም እጽፋለሁ። ሕንድ ደርሶ ዮጋ ሳይጋበዝ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው፤ ከጾምና ከሃይማኖት ጋር የሚነሣውን ጥያቄም ቀድሞ ያሰበበት ሰው ይቀለዋል።

ከመሄዳችሁ አንድ ወር ቀደም ብሎ

ዝግጅቱን ከበርበሬው ጀምሩ። መቀንጠሱ፣ ማጠቡ፣ መደለዙ፣ ማስጣቱ፣ ማመሱና ማስፈጨቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ፍለጋ ሌላ ሳምንት ይጨመራል። ቤታችሁ ለደብረ ዘይት መንገድ የቀረበ ከሆነ ስጡን ወደ ውስጥ ግቢ አስገቡት። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና የሚያነሣው አቧራ ከበርበሬው ጋር ተፈጭቶ አብሯችሁ እንዳይሳፈር። የባልትና ቤት በርበሬ የሚገዛም አለ፤ ክፋት የለውም፤ ግን የተፈጨበትን ቀን ጠይቁ። ለአንድ ሰው ለአንድ የትምህርት ዓመት ሦስት አራት ኪሎ በርበሬና አምስት ኪሎ ያህል ምጥን ሽሮ ይበቃል።

ቀጥሎ ሕንድ ውስጥ ምትክ የሌላቸውን ያዙ፦ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ የደረቀ በሶብላ። የሕንዱ ትልቁ ጥቁር ሄል ከኮረሪማ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ወጡንም ያበላሸዋል። ኮሰረቱ ለቅቤ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ድርቆሽ በብዛት ውሰዱ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ወጥ ቤት ሳታደራጁ በፊት ባለው ጊዜ ከርሃብ የሚያወጣችሁ እሱ ነው። እንጀራው በደንብ ሳይደርቅ እንዳታሽጉት ብቻ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የሕንድ ዝናብ እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ድርቆሹም ሽሮውም አየር በማያስገባ ዕቃ ካልተቀመጠ ይሻግታል። ፍሪጅ ካላችሁ በርበሬውን እዚያ አስቀምጡት።

ምስር፣ ክክ፣ አብሽ፣ እርድ፣ ድንብላል፣ ተልባ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ እዚሁ ተዉ። ጥሬ እህልና ዘር ደግሞ የዕፅዋት ኳራንታይን ፈቃድ የሚያስጠይቅ በመሆኑ ጉምሩክ ላይ ያጨቃጭቃል። ቡናውን ቆልታችሁ ሂዱ። ጀበናዋን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ዕጣን ግን አትሸከሙ፣ ሎባን ብላችሁ ብትጠይቁ የትም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትወስዱ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ የተከራያችሁት ክፍል ገመድ አይችለውም፣ አከራዩም አይወደውም።

አየር መንገዳችን በቀጥታ ወደ ዴልሂ፣ ሙምባይ፣ ቤንጋሉሩና ቼናይ ይበራል። የተፈቀደላችሁን ኪሎ ቲኬቱ ላይ አንብቡ፤ ቤት ውስጥ መዝኑ። ቦሌ ሚዛኑ ፊት ሻንጣ ከፍቶ ሽሮ መቀነስ ለማንም የሚመኙት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቪዛችሁ ከ180 ቀን በላይ የሚያስቆይ የትምህርት ቪዛ ከሆነ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ ዜጎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለባችሁ። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው። የሚጠየቀው የመኖሪያ ማስረጃ ስለሆነ ቤት የሚያከራያችሁ ሰው "ፎርም ሲ" የሚባለውን የእንግዳ ማስታወቂያ በስማችሁ ማስገባቱን አረጋግጡ፤ ይህን ሊያደርግ ፈቃደኛ ካልሆነ ቤቱ ምንም ቢያምር ተዉት።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት "ፒጂ" በሚባለው ምግብ ያለው የጋራ ማረፊያ ነው። ለመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው፤ ለጾመኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሆንም፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ። ቤት ስትከራዩ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ሥጋና እንቁላል ማብሰል ይፈቀዳል?" ሥጋ የማይቀምሱ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ በቤታቸው እንዲሸትም አይፈልጉም። በፋሲካ ማግስት ዶሮ ወጥ ሠርቶ ከቤት የተባረረ ሰው ታሪክ በየከተማው ይወራል።

ለማብሰያ 5 ኪሎ የምትይዘውን ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ፈልጉ። ከዚያ የግፊት ድስት ግዙ። ሕንዶች የማብሰያ ጊዜን የሚለኩት በፉጨት ነው፦ ምስር ሁለት ፉጨት፣ ሽምብራ ስድስት ሰባት ፉጨት። መጀመሪያ ያስቃል፤ ወር ሳይሞላ እናንተም ትቆጥራላችሁ። እኛ አገር ውኃ የሚፈላው ከፍታው በመብዛቱ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቆላ ላይ ግን 100 ይደርሳል። ስለዚህ ክኩ ከለመዳችሁት ቀድሞ ይበስላል፤ የሳሪሱን ሰዓት ይዛችሁ ከጠበቃችሁ ገንፎ ይሆንባችኋል።

ገበያው ላይ ማን ማን ነው

የሰፈር ሱቅ ገብታችሁ በእንግሊዝኛ ከምትጨነቁ በስሙ ጥሩት። በሂንዲ ቀይ ምስር ክክ ማሱር ዳል፣ የአተር ክክ መተር ዳል፣ የሽምብራ ክክ ቻና ዳል ነው። እርድ ሀልዲ፣ ዝንጅብል አድረክ፣ ነጭ ሽንኩርት ለሱን፣ አብሽ ሜቲ፣ ድንብላል ዳኒያ፣ ቅርንፉድ ላውንግ፣ ቀረፋ ዳልቺኒ፣ ተልባ አልሲ ይባላል። ነጭ አዝሙድ አጅዋይን ነው፤ ሕንዶች ለሆድ ቁርጠት ጭምር ስለሚጠጡት የሌለበት ቤት የለም። ጥቁር አዝሙድ ስትፈልጉ "ካሎንጂ" በሉ። በእንግሊዝኛ "ጥቁር ከሙን" ካላችሁ ካላ ጂራ የሚባል ሌላ ቅመም ይሰጧችኋል፣ መልኩም ያታልላል።

ሽንኩርቱ የእኛው ቀይ ሽንኩርት ነው፤ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። ዘይት ስትገዙ ተጠንቀቁ። በሰሜንና በቤንጋል የሰናፍጭ ዘይት፣ በኬረላ የኮኮናት ዘይት ይለመዳል፤ ሁለቱም ወጡን ይቀሙታል። የሱፍ ወይም የለውዝ ዘይት ያዙ። የኑግ ዘይት የናፈቀው ሰው ኑጉን ራምቲል ብሎ ያፈላልግ፤ በካርናታካና በኦዲሻ ገበሬው ይዘራዋል።

በርበሬው ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ሁለት ዓይነት ቃሪያ አቀላቅሉ። ከካርናታካ የሚመጣው ብያድጊ የሚባለው ቀይ ቃሪያ ቀለሙ ደም የመሰለ፣ ማቃጠሉ ለስላሳ ነው፤ ከአንድራ የሚመጣው ጉንቱር ደግሞ ኃይለኛ ነው። ሦስት እጅ ከመጀመሪያው፣ አንድ እጅ ከሁለተኛው፤ ከዚያ ያቆያችሁትን ኮረሪማና በሶብላ፣ ከሱቅ የገዛችሁትን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ ጨምሩ። በየሰፈሩ ቅመም የሚፈጭ ትንሽ ወፍጮ አይጠፋም።

ሽሮም እንዲሁ። ቤሰን የሚባለው የሽምብራ ዱቄት በየሱቁ ቢኖርም ጥሬውን የተፈጨ ስለሆነ እንዳለ ብትሠሩት ጥሬ ጥሬ ይላል። በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪለወጥ አምሱትና በርበሬ ቀላቅሉበት። ምጥን ሽሮ አይሆንም፤ ግን ማታ ሲርብ አይናቅም። በሶ ላለቀበት ሰው ደግሞ የቢሃሮች ሰቱ አለለት። የተቆላ ሽምብራ ወይም ገብስ ተፈጭቶ በውኃ፣ በጨውና በሎሚ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው፤ በሙቀት ቀን ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል። ቡና ጠጥቶ ቆሎ ካላገኘ የማይረጋጋም "ቡና ቻና" ብሎ የሽምብራ ቆሎውን ይግዛ። እዚያ "ቡና" የተቆላ ማለት ነውና ሻጩ ቡና ይሰጠኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

እንጀራ ከዳጉሳ

ጤፍ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ደቡብ ሕንድ፣ በተለይ ካርናታካ፣ የዳጉሳ አገር ነው፤ ራጊ ይሉታል። ዳጉሳ መጀመሪያ የለመደው በእኛ አካባቢ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን ሕንድ የደረሰው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። ጎጃም ውስጥ ለእንጀራም ለጠላም ይውላል፤ የካርናታካ ገበሬ ደግሞ "ሙዴ" የሚባል ጠጣር ገንፎ ሠርቶ በወጥ እያጠቀሰ ይውጠዋል። የራጊ ዱቄት በቤንጋሉሩ በየሱቁ፣ በዴልሂ በትልልቅ መደብር ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት እጅ የራጊ ዱቄት፣ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት ያዙ፤ ስንዴው ካልገባ እንጀራው ሲበርድ ይፈረፈራል። ለብ ባለ ውኃ አቡኩትና ቀጠን አድርጉት። እርሾ ስለማይኖራችሁ ሱቅ በላስቲክ ከሚሸጠው የዶሳ ሊጥ አንድ ጭልፋ ጨምሩበት። ያ ሊጥ ሩዝና ጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ የቦካ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። ከድናችሁ አስቀምጡት። እዚህ ሦስት ቀን የሚፈጀው ቤንጋሉሩ ላይ ከአንድ ቀን ተኩል አይበልጥም፤ ዴልሂ በግንቦት ሙቀት ጠዋት ያቦካችሁት ማታ ሊደርስ ይችላል። በታኅሣሥና በጥር ግን የዴልሂ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ፣ ቤቱም ማሞቂያ ስለሌለው፣ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ቀኑን ትታችሁ ሽታውን ተከተሉ።

ላዩ ላይ የጠለለውን ውኃ ቀንሱ፤ ከሥሩ አንድ ኩባያ ለቀጣዩ እርሾ አስቀሩ። ከሊጡ አንድ ጭልፋ ቀድታችሁ በፈላ ውኃ አብስሉና አብሲት ጣሉ፤ ሲበርድ መልሳችሁ ቀላቅሉት፤ ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ለመጋገሪያ ሊጥ የማይይዝ የዶሳ መጥበሻ ይሆናል፤ ስፋቱ የእኛን ምጣድ እኩሌታ ቢሆን ነው። አስፉት፣ ዓይን ሲያወጣ ክደኑት፣ አትገልብጡት። መልኩ ጠቆር ይላል። የሳሪስ ሰው ቢያየው ፊቱን ያጨማድድ ይሆናል፤ ምስር ወጥ ሲደረግበት ግን ማንም አያማርርም።

ጾሙን እንዴት ትይዙታላችሁ

ሕንድ ውስጥ የታሸገ ምግብ ሁሉ ምልክት አለበት። አረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋም እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። ወተት፣ ቅቤና አይብ ግን ይህን ምልክት ያገኛሉ። ብዙ ጾመኛ አረንጓዴዋን ነጥብ አይቶ የበላው ብስኩት ወተት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 የወጣ ሌላ ምልክት አለ፤ "ቪ" ፊደል ላይ ቅጠል ያለበት። ከእንስሳ የተገኘ ምንም ነገር እንደሌለ የሚያረጋግጥላችሁ እሱ ነው።

ምግብ ቤት ውስጥ ምልክት የለም፤ መጠየቅ ነው። ዳል ሲቀርብ መጨረሻ ላይ የሚፈሰው ማቁላሊያ በቅቤ ነው፤ ናን የሚባለው ዳቦ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፤ ቻፓቲ ዱቄትና ውኃ ብቻ ቢሆንም ከምድጃ ሲወጣ ቅቤ ይቀቡታል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት "ጊ ናሂን፣ ዱድ ናሂን፣ ዳሂ ናሂን" በሉ፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ አይግባበት ማለት ነው። ፓኒር ደግሞ አይብ ነው። ሂንዲ በደቡብ ብዙም አይሠራም፤ ቤንጋሉሩ ላይ ወተት "ሃሉ"፣ ቅቤ "ቱፓ"፣ ቼናይ ላይ "ፓል" እና "ነይ" ናቸው። "እኔ ጾመኛ ነኝ" ብሎ መግለጽ ግን አይጠቅምም። እነሱም የሚጾሙባቸው ቀናት አሉ፤ በነዚያ ቀናት እህልና ጥራጥሬ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትተው ወተትና ድንች ይበላሉ። የጾም ምግብ ስጡኝ ብትሉ የወተት ሩዝ የመሰለ ነገር ከነፈገግታው ይመጣላችኋል።

ለጾመኛ የተሻለው የደቡቡ ምግብ ነው። እድሊ የተባለው በእንፋሎት የበሰለ ለስላሳ ቂጣ፣ በዘይት የተጋገረ ዶሳ፣ ሳምባር የሚሉት የክክና የአትክልት ወጥ፣ ራሰም የተባለው ቀጭን ጎምዛዛ መረቅ፤ ሁሉም ያለ ቅቤ ሊሠሩ ይችላሉ። ስታዝዙ "ዘይት ይሁን" በሉ። ሰሜን ከሆናችሁ በሽምብራና በቦሎቄ ወጥ ላይ ተደገፉ።

የነቢያት ጾም በሰሜን ብርድ ውስጥ ይውላል፣ ይቻላል። ፍልሰታ ዝናብ ነው። ከባዱ ሑዳዴ ነው፤ መጨረሻው ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ከሚጠጋበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ የምትቆዩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፤ በስልክ ከዴልሂ ከመጠየቅ ቤታቸው ሄዶ መነጋገር ይሻላል። መጋቢት 5፣ የአቦ ዓመታዊ በዓል፣ በሑዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው። በፈረንጆቹ ቀን ማርች 14 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ እዚያ ማንም አያስታውሳችሁም።

ቤተ ክርስቲያን ለሚናፍቅ ሰው አንድ መፍትሔ አለ። በኬረላ የተመሠረተችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር በእምነት አንድ ናት፤ በ1965 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠሩት የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይም ተቀምጣለች። በዴልሂ ሐውዝ ኻስ ካቴድራል አላት፤ በቤንጋሉሩ፣ በሙምባይና በቼናይም አጥቢያዎች አሏት። በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገራችን ትምህርት ቤት ያስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ስለነበሩ "ከኢትዮጵያ ነኝ" ስትሉ አባቱ ወይም አክስቱ ጎንደር ያስተማሩ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትደነቁ። በኋላ የዴልሂ ሜትሮፖሊታን የሆኑት ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስም ወጣት ሳሉ እዚህ አስተምረዋል፣ የንጉሡም አማካሪ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ፋሲካና ገናን የሚያከብሩት በምዕራባውያን ቀን ነው። እነሱ ፈስከው እናንተ ገና የምትጾሙበት ዓመት ይበዛል።

ፋሲካ ሲደርስ ጊ የሚባለውን የነጠረ ቅቤ ግዙ፤ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በእርድ እንደገና አንጥሩት። ቤት የሚመስለው ሽታ ያን ጊዜ ይመጣል። ሥጋ ቤት "መተን" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፍየል ነው፤ ለእኛ ደግ ነው። የበሬ ሥጋ በብዙ ክልሎች በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ክትፎ ፍለጋ አትዙሩ።

ዮጋ፦ ከየት ይጀመራል?

በመጀመሪያ የሃይማኖቱን ጥያቄ ከራሳችሁ ጋር ጨርሱ። ዮጋ ለአንዳንዱ ሕንዳዊ ጸሎት ነው፣ ለሌላው ስፖርት። በክፍሉ መጀመሪያ "ኦም" ሊባል፣ በሳንስክሪት ሊዘመር፣ ሥዕል ፊት መብራት ሊበራ ይችላል። ለምሳሌ አየንጋር የሚባለውን የዮጋ ዓይነት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ለጥንቱ ሊቅ ለፓታንጃሊ በሚደረግ ዝማሬ ነው የሚጀምሩት። ይህ ሕሊናችሁን የሚከብደው ከሆነ መምህሩን አስቀድማችሁ አናግሩት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ወይም ዝማሬው ሲያልቅ መግባት ማንንም አያስቀይምም። ሕንዶቹ ራሳቸው በዚህ ተከራክረዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሲከበር ሙስሊሞች በመቃወማቸው "የፀሐይ ሰላምታ" የሚባለው ባለ አሥራ ሁለት እንቅስቃሴ ከሥነ ሥርዓቱ ወጥቷል። ቁርጡን ከመምህሩ ፊት ቆማችሁ ሳይሆን ቤታችሁ ሳላችሁ ወስኑ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ አታፍስሱ። ሪሺኬሽና ማይሶር ላይ ለውጭ ሰው የሚቀርበው የ200 ሰዓት የመምህርነት ሥልጠና ውድ ነው፤ ጀማሪም አያስፈልገውም። ጠዋት በዴልሂ ሎዲ ወይም ኔሩ ፓርክ ብትወጡ ጡረተኞች ተሰብስበው ይሠራሉ፤ ጥግ ይዛችሁ ብትቆሙ የሚያባርራችሁ የለም። ዩኒቨርሲቲዎችም በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ። መንግሥት ለዮጋ ቀን ያዘጋጀው የጋራ መርሐ ግብር 45 ደቂቃ ያህል የሚወስድና ለጀማሪ የታሰበ ነው፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ቀኑ ጁን 21፣ በእኛ ሰኔ 14 ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥም የሕንድ ኤምባሲ ያከብረዋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለመቅመስ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሰውነታችሁ የሚስማማውን ዓይነት ምረጡ። አሽታንጋ ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ጉልበት ላለው ወጣት ይሆናል። ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር በፑኔ ያስፋፉት ዘዴ ግን በቀበቶ፣ በእንጨት ጡብና በወንበር እየተደገፈ የሚሠራ፣ ለአቋቋም የሚጨነቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ተማሪና ዕድሜው ለገፋ ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ስግደት የለመደ ሰው ጉልበቱና ወገቡ ቀድሞ ስለተፈታ ወደፊት መታጠፉ አይከብደውም፤ የሚቸግረው እግር አቆላልፎ መቀመጡ ነው። ጉልበታችሁን አታስገድዱ። ጡንቻ ሲሳብ ደህና ነው፤ መገጣጠሚያ ሲወጋ ግን ወዲያው አቁሙ።

አሠራሩ በባዶ ሆድ ነው፤ ከበላችሁ ሦስት አራት ሰዓት ይለፍ። ጠዋት ስለሚሠራ ከጾም ጋር ይገጥማል። ውኃ ሳትጠጡ የምትቆዩ ከሆነ ግን በሑዳዴ ቀስ ያለውን ብቻ ሥሩ፤ ክፍሉ ሆን ተብሎ የሚሞቅበትን ዓይነት ጭራሽ አትሞክሩ። ልብሱ ልቅና ጨዋ ይሁን፤ ሴቶች ረጅም ሸሚዝ በሱሪ ቢለብሱ በፓርክም በክፍልም ያርፋሉ። እግር ባዶ ነው። ትንፋሽ በአፍንጫ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጥ ብሎ መቆሙ፣ ወደፊት መታጠፉ፣ በእጅና በእግር ተደግፎ ወገብን ወደ ላይ ማንሣቱ፣ መጨረሻ ላይ በጀርባ ተኝቶ ዝም ማለቱ ይበቃል። የመጨረሻዋን የሚንቅ ብዙ ነው፤ አትዝለሏት።

ደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ በጭንቅላት መቆምን፣ ትንፋሽ መያዝንና ሆድን እየመቱ በኃይል መተንፈስን ይተው። በዴልሂ ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ በጭስ ስለሚታፈን የትንፋሽ ልምምድ ውጭ አይሠራም፤ ቤት ዘግታችሁ ሥሩ፣ ወይም ዝለሉት።

ሰዓቱ እንዳያምታታችሁ ተጠንቀቁ። መምህሩ "ጠዋት ስድስት ሰዓት" ሲል የእኛ አሥራ ሁለት ነው። ሕንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ እናንተ ዮጋ ላይ ስትሆኑ ሳሪስ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። እናታችሁ ጋ ለመደወል ከፈለጋችሁ ክፍል ከወጣችሁ በኋላ ቁርሳችሁን በልታችሁ ጠብቁ።

ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት

ዴልሂና ቼናይ ለሕክምና የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የእናንተ መመሪያ አጭር ነው። የዳጉሳውን ነገር እርሱት። ድርቆሽ፣ ምጥን ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬና በሶ ብቻ ያዙ። ማረፊያ ስትመርጡ ለሆስፒታሉ ቅርብ የሆነና ትንሽ ወጥ ቤት ያለው ይሁን፤ እንዲህ ያለው ማረፊያ በትልልቅ ሆስፒታሎች ዙሪያ ሞልቷል። ሕመምተኛው እንደገባ የሆስፒታሉን የምግብ ባለሙያ ጠይቃችሁ የማይበላውን ነገር በጽሑፍ ስጡ፤ "ወተት የሌለበት" የሚለውን ለብቻው አስምሩበት። ምግብ በራሳችሁ ሠርታችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ሐኪሙን አስፈቅዱ፤ በተለይ ለኩላሊትና ለስኳር ሕመምተኛ ጨውና ክክ የሚለካ ነገር ነው። ሕመምተኛው "ጾሜን አልፈታም" ካለ ከንስሐ አባቱ ጋር በስልክ አገናኙት፤ አብዛኞቹ አባቶች የታመመን ሰው ይፈቱታል፣ ከእናንተ ይልቅም የሚሰማው እሳቸውን ነው።